የሕመም በር የሚዘጋው የት ላይ ነው?

በታችኛው መንጋጋዬ የመጨረሻው ጥርስ ሥር መግል ቋጥሮ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጥርስ ሐኪሟ ወንበር ላይ ጋደም አልኩ። ሐኪሟ ማደንዘዣውን ካበጠው ድድ አጠገብ ወጋችኝና አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቀች። ከዚያ በብረቷ ጫፍ ጥርሱን ነካ አድርጋ «ደነዘዘልዎት?» አለችኝ። የወንበሩን እጀታ ጨምድጄ ስይዝ መልሱን በዓይኗ አየችው። ደግማ ወጋችኝ፤ አሁንም ያው ነው። እሷ ግን አልደነቃትም። «መግል ያለበት ቦታ ላይ መድኃኒቱ እምቢ ይላል፤ ወደ ኋላ ሄጄ ነርቩን ልያዘው» አለችና መርፌውን ከአፌ ጥግ ወደ መንጋጋዬ ውስጠኛ ጎን ሰደደችው። ጥቂት ቆይቶ የታችኛው ከንፈሬ ከበደ፤ የምላሴ ግማሽ የሌላ ሰው መሰለኝ። ጥርሱ ሲነቀል የተሰማኝ ጉተታው ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ያው ነው፤ የወጋኝም እጅ ያው ነው። የተለወጠው ነገር መርፌው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ማለቱ ብቻ ነው። ለምን እዚያ እምቢ ብሎ እዚህ ሠራ? መልሱ ያለው ተማሪ ሳለን ለፈተና ሸምድደን በረሳነው አንድ ሥዕል ላይ ነው፦ ሴሉን ያጠረው ሽፋን፣ በሽፋኑ ላይ የተሰኩት ቦዮች፣ በቦዮቹ የሚያልፉት ኤሌክትሪካዊ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች። ያ ሥዕል ዛሬ ከመማሪያ መጽሐፍ ወጥቶ የመድኃኒት ገበያው መነጋገሪያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2025 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከእነዚህ ቦዮች አንዱን ብቻ ለይቶ የሚዘጋ አዲስ የሕመም ማስታገሻ እንዲሸጥ ፈቅዷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መድኃኒቱ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለመመዘን ግን መጀመሪያ ግድግዳውን ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ቁንጥር ጨው ውሃ ውስጥ ቢጨመር ወዲያው ይሟሟል። ያው ቁንጥር ዘይት ውስጥ ቢጨመር ግን እንደ አሸዋ ከድስቱ ሥር ተቀምጦ ይቀራል። የሴል ሽፋን ደግሞ ስብ ነው። ውፍረቱ 5 ናኖ ሜትር ያህል ስለሆነ 200,000 ሽፋኖች ቢደራረቡ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሞሉ ነው። እንዲህ ቀጭን ሆኖ ሳለ ለጨው ከግንብ የጠነከረ ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሁለት ቦታ ይከፈላል፦ አዎንታዊ ሙል ያለው ሶዲየምና አሉታዊ ሙል ያለው ክሎራይድ። እንዲህ ያለውን ሙል የተሸከመ አቶም አዮን እንለዋለን። የውሃ ሞለኪውሎች ሙሉን ስለሚወዱ አዮኑን ከየአቅጣጫው ከበው እንደ ካባ ይለብሱታል። አዮኑ ወደ ስቡ ለመግባት ያን ካባ ማውለቅ አለበት፤ ስቡ ግን በምትኩ የሚያለብሰው ነገር የለውም። ስለዚህ አዮኑ ወደ ውሃው ይመለሳል። ኦክስጅን እንደ ልቡ ያልፋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያልፋል። ከጨው የወጣችው ያቺ ትንሽ ቅንጣት ግን ሙል ስላላት ብቻ ከበር ትመለሳለች።

ሰውነታችንም የሚሠራው በዚህ መከልከል ላይ ተደግፎ ነው። ከሴሉ ውጭ ያለው ሶዲየም ከውስጡ ካለው በአሥር እጥፍ ይበልጣል። ፖታሲየም በተቃራኒው ውስጥ ይከማቻል፤ ወደ ሠላሳ እጥፍ። ካልሲየም ደግሞ ውጭ ያለው ከውስጡ 10,000 እጥፍ ያህል ነው። ይህን ልዩነት ጠብቆ የሚያቆየው ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በ1957 ከሸርጣን ነርቭ ውስጥ ያገኘው ፓምፕ ነው። ፓምፑ ኃይል እያቃጠለ ሦስት ሶዲየም ያወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል፤ ቀንና ሌሊት፣ በየሴላችን። ከዚህ ሁሉ ድካም የሚገኘው በግድግዳው ግራና ቀኝ የሚቆም የኤሌክትሪክ ውጥረት ነው። ነርቭ ሲያርፍ ውጥረቱ 70 ሚሊ ቮልት ያህል ነው። ቁጥሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ግድግዳው 5 ናኖ ሜትር ብቻ መሆኑን አስቦ ለሚያሰላው ግን በሜትር 14 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል። ደረቅ አየር ተሰንጥቆ ብልጭታ የሚያሳልፈው በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። በእያንዳንዱ የነርቭ ሴል ቆዳ ላይ ያለው ውጥረት አየርን ከሚሰነጥቀው ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ስሌት መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሳሰላው ተሳስቼ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ደግሜ አይቼዋለሁ።

ፓምፑ ውሃን ሽቅብ ጎትቶ ጋን እንደሚሞላ ሰው ነው። የአዮን ቦይ፣ በተለምዶ ቻናል የሚባለው፣ የጋኑ ቧንቧ ነው። ከፓምፑ የሚለየው አዮንን ለማሳለፍ ምንም ኃይል አለማውጣቱ ነው፤ ይከፈታል፣ አዮኑ በራሱ ቁልቁለት ይወርዳል። በዚህም የተነሣ ፍጥነታቸው ሰማይና ምድር ነው። ፓምፑ በሰከንድ መቶ ያህል አዮኖችን ሲያመላልስ፣ አንድ የተከፈተ ቦይ ከ10 ሚሊዮን እስከ 100 ሚሊዮን ያሳልፋል። ቦዩ ከፕሮቲን የተሠራና ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሰነጠቀ መተላለፊያ ነው። ይሁን እንጂ ዝም ብሎ የተበሳ ቀዳዳ አይደለም፤ ማን እንደሚያልፍ ይመርጣል።

ምርጫው ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ ለአሥርት ዓመታት ተመራማሪዎችን ያስጨነቀ እንቆቅልሽ ነበርና። የፖታሲየም ቦይ ፖታሲየምን እንደ ጎርፍ ሲያሳልፍ ሶዲየምን ይመልሳል። ከ1,000 በላይ ፖታሲየም አልፎ አንድ ሶዲየም ቢሾልክ ነው። ሶዲየም ትልቁ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የወንፊት ጉዳይ ሆኖ ባለቀ ነበር። ግን ትንሹ እሱ ነው። የፖታሲየም ራዲየስ 1.33 አንግስትሮም ሲሆን የሶዲየም 0.95 ነው፤ አንግስትሮም የናኖ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ትልቁን አሳልፎ ትንሹን የሚያስቀር ወንፊት ማን አይቶ ያውቃል? ሙላቸው አንድ፣ ቅርጻቸው አንድ፤ ሁለቱም ድቡልቡል ኳስ ናቸው።

እንቆቅልሹን የፈታው ሮድሪክ ማኪነን ነው። ማኪነን ሕክምና ተምሮ ወደ ምርምር የገባ ሰው ነው። በ1998 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኘ የፖታሲየም ቦይን ክሪስታል አድርጎ በኤክስ ሬይ የእያንዳንዱን አቶም ቦታ አነበበ። የቦዩ ጠባብ አንገት 12 አንግስትሮም ያህል ርዝመት ብቻ ነበረው። በአንገቱ ግራና ቀኝ የፕሮቲኑ የኦክስጅን አቶሞች ወደ ውስጥ ተደርድረዋል፤ የተደረደሩትም ልክ የውሃ ካባ ፖታሲየምን ሲከበው ኦክስጅኖቹ በሚቆሙበት ርቀት ነው። ፖታሲየም ከበሩ ሲደርስ የውሃውን ካባ አውልቆ የቦዩን ካባ ይለብሳል፤ ልዩነቱ አይታወቀውም፣ የሚከፍለውም ነገር የለም። ሶዲየም ግን ትንሽ ስለሆነ የቦዩ ካባ ይሰፋዋል፤ ኦክስጅኖቹ ሊነኩት አይደርሱም። እርቃኑን ከመቅረት የውሃውን ካባ እንደለበሰ ውጭ መቅረትን ይመርጣል። በር ጠባቂ የለም፣ የሚገፋው የለም። ልኩ ያልሆነ ልብስ ብቻ ነው የመለሰው። ፍጥነቱም የሚመጣው ከዚያው ነው፤ በአንገቱ ውስጥ ከአንድ በላይ ፖታሲየም ተሰልፎ ስለሚቆም ከኋላ የመጣው በኤሌክትሪካዊ ሙሉ የፊተኛውን እየገፋ ያወጣዋል። ማኪነን በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤልን፣ የውሃን ቦይ ካገኘው ፒተር አግሬ ጋር ተካፈለ። ከተፈጥሮ አሠራር ሁሉ እንዲህ በትንሽ ነገር ብዙ የሚሠራ ሌላ አላውቅም፤ ጥቂት የኦክስጅን አቶሞች በትክክለኛው ቦታ መቆማቸው ብቻ!

የመረጠ በር ደግሞ የሚከፈትበትን ጊዜ ማወቅ አለበት። አንዳንዱ ቦይ የሚከፈተው በግድግዳው ላይ ያለው ውጥረት ሲለወጥ ነው፤ የነርቭ መልእክት የሚጓዘው በዚህ ዓይነቱ ነው። እንግሊዛውያኑ አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ ከስኩዊድ የወሰዱትን ወፍራም የነርቭ ክር ይዘው ይህን በ1952 በሒሳብ ጻፉት። ስኩዊድ የባሕር እንስሳ ሲሆን ክሩ በዓይን የሚታይ፣ ሽቦ የሚገባበት ነው። የሚገርመው ያኔ ቦይ የሚባል ነገር መኖሩን ያየ ሰው አልነበረም። ሒሳቡ ግን ሶዲየም መጀመሪያ ይገባል፣ ፖታሲየም ቀጥሎ ይወጣል፣ ሁሉም በሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ያልቃል ይል ነበር። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ጀርመን ውስጥ ኤርቪን ኔኸርና በርት ዛክማን ጫፉ ከሺኛ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ የመስታወት ቀሰም ከሴል ቆዳ ላይ አስጠግተው የአንዲት ቦይን የኤሌክትሪክ ጅረት ለብቻው ለኩ። በመሣሪያው ላይ የታየው መስመር ቀስ እያለ የሚወጣና የሚወርድ አልነበረም። ድንገት ወደ ታች ይዘላል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ድንገት ይመለሳል። ክፍት፤ ዝግ፤ ክፍት። አንድ ነጠላ ሞለኪውል በሥራ ላይ እያለ በዓይን ሲታይ ከመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንዱ ይህ ነበር።

ሌሎች ቦዮች ደግሞ የሚከፈቱት በሙቀት ወይም አንድ ነገር ሲነካቸው ነው። የሕመም ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው። እሳት ያቃጥላል እንላለን፤ ሚጥሚጣም ያቃጥላል እንላለን። ቋንቋችን ለሁለቱ አንድ ግሥ መስጠቱ ስህተት አይደለም፤ ነርቩም አይለያቸውም። ዴቪድ ጁሊየስ በ1997 ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ያገኘው ቦይ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ይከፈታል። የበርበሬና የሚጥሚጣ ቅመም የሆነው ካፕሳይሲን ሲነካውም በሰውነት ሙቀት ይከፈታል። ካልሲየምና ሶዲየም ይገባሉ፣ ነርቩም «ተቃጠልኩ» ብሎ ይጮኻል። ምላሱ ግን አልተቃጠለም። ካፕሳይሲን ሙል የለውም፣ ስብም ይወዳል፤ ግድግዳውን ያለ በር ሾልኮ ቦዩን የሚይዘው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ሚጥሚጣ የበዛበት ክትፎ የበላ ሰው ውሃ ቢጠጣ የማይበርድለት። አይቡ የሚያበርደው የወተት ፕሮቲን ካፕሳይሲንን ይዞ ስለሚያነሣው ነው። ይህን እናቶቻችን ሳይንሱ ሳይነገራቸው አውቀው ከክትፎው ጎን አስቀምጠውታል። ጁሊየስ ለዚህ ሥራ በ2021 ኖቤል ተሸልሟል፤ የተካፈለው የግፊትን ቦይ ካገኘው ቤሩት ተወላጁ አርዴም ፓታፑቲያን ጋር ነው።

የሙቀቱ ቦይ የመጀመሪያዋን ጠብታ ብቻ ነው የሚያስገባው። መልእክቱን ከምላስ ወይም ከጥርስ እስከ አንጎል የሚያደርሱት በነርቩ ርዝመት ሁሉ ተደርድረው እርስ በርስ የሚቀጣጠሉት የሶዲየም ቦዮች ናቸው። አንዱ ሲከፈት የሚገባው ሶዲየም የጎረቤቱን ውጥረት ይለውጣል፤ ጎረቤቱ ይከፈታል፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሕመምን በመንገዱ ላይ ለማስቆም የሚፈልግ ሰው መዝጋት ያለበት እነዚህን ነው። ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 የሠራው ሊዶኬይን የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ወደ ጥርሴ እመለሳለሁ።

ሊዶኬይን በሰውነት ውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፦ ሙል ያለውና ሙል የሌለው። ሁለቱ አለማቋረጥ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። ቦዩን የሚደፍነው በዋናነት ሙል ያለው ነው፤ የሚደፍነውም ከሴሉ ውስጥ በኩል ነው። ሐኪሟ መድኃኒቱን የምታፈሰው ግን ከውጭ ነው። ሙል ያለው መድኃኒት እንደማንኛውም አዮን ግድግዳውን ማለፍ አይችልም። ስለዚህ መድኃኒቱ ሙሉን አራግፎ ስቡን ያልፋል፤ ውስጥ ገብቶ ሙሉን መልሶ ይይዛል፤ ከዚያ ቦዩን ይደፍናል። በጤነኛ ሥጋ ውስጥ በማንኛውም ቅጽበት ሙል የሌለው ሊዶኬይን ሩብ ያህል ነው፤ ለማደንዘዝ ይበቃል። መግል የቋጠረ ቦታ ግን አሲድ ይበዛበታል፤ አሲድ ደግሞ መድኃኒቱ ሙሉን እንዳይለቅ ያደርገዋል። የአሲድ መለኪያ የሆነው ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ7.4 ወደ 6.4 ሲወርድ ሙል የሌለው ክፍል ከመቶ 3 ወይም 4 ብቻ ይሆናል። የቀረው መድኃኒት ሁሉ ከግድግዳው ውጭ፣ ከበሩ ጥቂት ናኖ ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ይቀራል። የእብጠቱ ነርቭ ራሱ ተቆጥቶ በቀላሉ ስለሚተኩስ ነገሩ ይብሳል። ሐኪሟ ወደ ኋላ ሄዳ የወጋችው ያው ነርቭ አሲድ ያልደረሰበት ጤነኛ ሥጋ ውስጥ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነበር። «መድኃኒቱ እምቢ ይላል» ስትል የተናገረችው ይህን ሁሉ ነው።

ሊዶኬይን ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ በሮቹን አይለይም። ሰው ዘጠኝ ዓይነት የሶዲየም ቦዮች አሉት። አንዱ በልብ ውስጥ ይሠራል፤ ሌላው በጡንቻ፤ ሌሎቹ በአንጎል፤ ሦስቱ ደግሞ በተለይ ሕመም በሚያስተላልፉ ነርቮች ላይ ይገኛሉ። ሊዶኬይን ሁሉንም ይደፍናል። ድድ ላይ ሲወጋ አይጎዳም፤ በብዛት ወደ ደም ከገባ ግን ሰውነትን በእንፍርፍሪት ያንዘፈዝፋል፣ ልብንም ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ለመላ ሰውነት ሕመም በእንክብል መልክ ሊዋጥ አይችልም። ሕመሙ ከባድ ሲሆን የቀረው ዋና መንገድ ለረጅም ዘመን ሞርፊንና ዘመዶቹ፣ ኦፒዮይድ የሚባሉት፣ ነበሩ። እነሱም ቢሆኑ በመጨረሻ የሚሠሩት በቦይ በኩል ነው፤ የፖታሲየም ቦዮችን ከፍተው፣ የካልሲየም ቦዮችን ዘግተው ነርቩን ያረጋጋሉ። ችግሩ ትንፋሽን የሚመሩትንና ደስታን የሚያሳድዱትን የአንጎል ሴሎች ጨምረው መንካታቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2022 ብቻ ከ80,000 በላይ ሰዎች ከኦፒዮይድ ጋር በተያያዘ ከመጠን በላይ መውሰድ ሞተዋል። አብዛኛው ሞት በሕገ ወጥ መንገድ ከተሠራ ፌንታኒል ከተባለ ብርቱ ኦፒዮይድ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ለብዙዎች የጀመረው በሐኪም ከታዘዘ እንክብል ነበር።

የሕመምን በር ብቻ ለይቶ መዝጋት እንደሚቻል ጥቆማ የሰጡት ሰሜን ፓኪስታን የሚኖሩ ዘመዳሞች ናቸው። በ2006 የታተመው ጥናት የሚጀምረው መንገድ ላይ ትርኢት በሚያሳይ አንድ ልጅ ነው። ክንዱን በቢላዋ ይወጋል፣ በፍም ላይ ይራመዳል፣ ምንም አይሰማውም። ተመራማሪዎቹ ሳያገኙት፣ 14 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከቤት ጣሪያ ላይ ዘልሎ ሞተ። ከዘመዶቹ ውስጥ እንደሱ ሕመም የማያውቁ ስድስት ልጆች ተገኙ። ሁሉም በሕፃንነታቸው ከንፈራቸውን ወይም ምላሳቸውን ነክሰው አቁስለዋል፤ ሁለቱ የምላሳቸውን ጫፍ አጥተዋል። ከዚህ በስተቀር ጤነኞች ናቸው፤ መነካት ይሰማቸዋል፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ይለያሉ። የጎደላቸው ከዘጠኙ የሶዲየም ቦዮች አንዱ፣ ሰባተኛው ብቻ ነበር። ይህን ጥናት ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የልጁ እናት ናት። ልጇ ሲወድቅ አልቅሶ የማይነግራት እናት ቀኑን ሙሉ ምን ስትፈራ ትውላለች?

የመድኃኒት ኩባንያዎች ሰባተኛውን ቦይ ለመዝጋት ለዓመታት ደከሙ፤ በሰው ላይ ሲሞከሩ አብዛኞቹ ሳይሳኩ ቀሩ። በ2025 የተፈቀደው አዲሱ መድኃኒት፣ ሱዜትሪጂን፣ ያነጣጠረው በጎረቤቱ በስምንተኛው ላይ ነው። የሠራው ቨርቴክስ የተባለው የቦስተን ኩባንያ ነው። ስምንተኛው ቦይ የሚገኘው በዋናነት ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ውጭ ባሉ የሕመም ነርቮች ላይ በመሆኑ ሱስ የማስያዝ ስጋት አልታየበትም፤ ትንፋሽንም አያፍንም። አሠራሩም ከሊዶኬይን ይለያል። ቀዳዳውን እንደ ቡሽ አይደፍንም፤ የውጥረቱን ለውጥ የሚያዳምጠውን የቦዩን ክፍል ይዞ በሩ በዝግ አቋሙ እንዲቆይ ያደርገዋል። ሌሎቹን ስምንት ወንድሞች ለመንካት ከ30,000 እጥፍ በላይ መጠን ይጠይቃል። ይህ ትልቅ የሙያ ድል ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

ነገር ግን ዜናው «ሞርፊንን የሚተካ ተገኘ» እየተባለ ሲነገር እኔ አልስማማም። እያንዳንዳቸው ከ1,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉባቸው ሁለት ሙከራዎች፣ አንዱ ከእግር ጣት አጥንት ቀዶ ሕክምና ሌላው ከሆድ ቆዳ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ መድኃኒቱ ከባዶ እንክብል በግልጽ በልጧል። ከተለመደው የኦፒዮይድና የፓራሲታሞል ጥምር ግን አልበለጠም። ከወገብ ወደ እግር ለሚወርደው የነርቭ ሕመም በ2024 መጨረሻ የወጣው ውጤት ደግሞ ከባዶው እንክብል ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። ፈቃዱም የተሰጠው ለአጣዳፊ ሕመም እንጂ ለዓመታት ለሚዘልቅ ሕመም አይደለም። ሕመም አንድ በር ብቻ የለውም፤ ስምንተኛው ሲዘጋ ሰባተኛውና ዘጠነኛው ክፍት ናቸው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪማቸውን ስለዚህ መድኃኒት ቢጠይቁ ተገቢ ነው፤ በተለይ በቤተሰባቸው የሱስ ታሪክ ያለባቸው። ጥያቄውን ሲጠይቁ ግን ተአምር ባይጠብቁ ይሻላል።

ዋጋው ሌላ ግድግዳ ነው። አንዱ እንክብል ሲወጣ 15.50 ዶላር ተተምኖበታል፤ በቀን ሁለቴ ሲወሰድ 31 ዶላር ማለት ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን የሞርፊን መጠን ያለው ኦፒዮይድ ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ሞርፊን ርካሽ መድኃኒት ሆኖ ነው እንዲህ የሆነው። አንዱ አገር በመብዛቱ ሰው ሲቀብር፣ ሌላው አገር በማጣቱ የካንሰር በሽተኛ እየጮኸ ያድራል። አዲሱ እንክብል ለመጀመሪያው አገር ችግር የታሰበ ነው፤ የሁለተኛውን አልነካውም።

የቦይ እውቀት ሁልጊዜ በውድ እንክብል መልክ ብቻ አይመጣም። እኛ አተት ብለን የምንጠራው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በተለይ ኮሌራ፣ የአንድ ቦይ በሽታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኮሌራ መርዝ የአንጀትን ሴል አይገድልም። የክሎራይድን ቦይ ክፍት አድርጎ ያስቀረዋል እንጂ። ክሎራይድ ወደ አንጀት ይፈሳል፣ ሶዲየም ይከተለዋል፣ ውሃም ሁለቱን ይከተላል፤ ከባድ ሲሆን በሰዓት አንድ ሊትር ሊደርስ ይችላል። ጤነኛ የነበረ ሰው ጠዋት ታሞ ማታ የሚሞተው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ነሐሴ ወር ከባሌ ተነሥቶ በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ለዓመታት የቆየው ወረርሽኝ ይህንኑ አድርጓል። ለኮሌራ ብለን የምንሰጠው፣ ቦዩን የሚዘጋ የተለመደ መድኃኒት የለም። የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪው ሮበርት ክሬን በ1960 ያቀረበው ሐሳብ ግን ሌላ መግቢያ አሳየ። በአንጀት ሴል ላይ ሶዲየምና ግሉኮስ ተያይዘው ካልሆነ የማያስገባ ሌላ በር አለ፤ ኮሌራ አይነካውም። ጨው ብቻውን ቢጠጣ አይገባም፤ ከስኳር ጋር ሲሆን ይገባል፣ ውሃውን ይዞት ይገባል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ አር ኤስ የምንለው ከረጢት ይኸው ነው። በ1971 ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ የባንግላዴሽ ስደተኞች በተጠለሉበት ካምፕ በጨውና በስኳር ውሃ ሲያክም ሞቱ ከመቶ 30 ወደ 4 እንኳ የማይሞላ ቁጥር ወርዷል። ከረጢቱ ከጠፋ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ከበዛ ይጎዳልና ማንኪያው ተቆልሎ አይሁን።

ጥርሴ በተነቀለ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከንፈሬ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። ሊዶኬይኑ በደም ታጥቦ እየሄደ ነበር፤ የሶዲየም በሮች አንድ በአንድ ይከፈቱ ጀመር። መጀመሪያ የምላሴ ጫፍ ተመለሰ፣ ቀጥሎ አገጬ፣ ከዚያ ጥርሱ የነበረበት ጉድጓድ በልብ ምት ልክ መምታት ያዘ። ሐኪሟ የጻፈችልኝን አይቡፕሮፌን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ዋጥኩና በደህናው ጎኔ ተኛሁ።